99 በመቶ ከምኑ? የወረዳን የዓመት ወጪ ከበጀቱ ጋር ማመሳከሪያ ዝርዝር መመሪያ

የወረዳ ምክር ቤት አባል ሆኜ በተገኘሁበት የመጀመሪያው የዓመት መዝጊያ ጉባኤዬ ላይ አጨብጭቤያለሁ። አልደብቅም። ሪፖርቱ ወፍራም ነበር። የታደለን ደግሞ ጠዋት በር ላይ ነው። አቅራቢው እየሮጠ አንብቦ አንብቦ መጨረሻ ላይ «የበጀት አጠቃቀማችን 99 በመቶ ደርሷል» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም ሲሉ ሰምቼ አጨበጨብኩ። ሻይ ዕረፍት ላይ ጡረታ የወጡ የሂሳብ ሠራተኛ፣ እንደኔው ተመራጭ የሆኑ አባት፣ ብርጭቋቸውን ይዘው ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ 99 በመቶ ከምኑ?» አሉኝ። ዝም አልኩ።

ከዚያ ጥያቄ ወዲህ የተማርኩትን ነው እዚህ የማሰፍረው። የወረዳዬን ቁጥር አልናገርም። መሀል አዲስ አበባ ነው፣ ይበቃል። የጻፍኩት ለወረዳ ምክር ቤት አባላት፣ በተለይ የበጀትና ፋይናንስ ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ለገቡ ነው። ሕዝብ በተጠራበት መድረክ ቁጭ ብሎ ሪፖርት የሚሰማ ነዋሪም ይጠቀምበታል። የሂሳብ ትምህርት አያስፈልግም። መደመር፣ መቀነስና ማካፈል ከቻላችሁ ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃችኋል።

ደረጃ 1፦ የማን በጀት እንደሆነ ለዩ

ቢያንስ ግማሹ የጉባኤ ሰዓት የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ተነስቶ ስለ ኮሪደር ልማት ይጠይቃል። ሌላው ስለ አስፋልት። ሁለቱም የወረዳ በጀት አይደሉም። የከተማው በጀት ለ2017 ወደ 230 ቢሊዮን ብር፣ ለ2018 ደግሞ ወደ 350 ቢሊዮን ብር ሆኖ የጸደቀው በከተማው ምክር ቤት ነው። ወረዳ የሚያዝበት ከዚያ ላይ የምትቆነጠር ናት። ከእሷም ብዙው ደመወዝ ነው። እናንተ የምትፈትሹት ያችን ነው።

በመሀል ከተማ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ከ2016 ጀምሮ ፒያሳና አካባቢው ብዙ መንደር ፈርሷል፤ ነዋሪውም ተነስቷል። በሌሎች የመሀል ከተማ ሰፈሮችም እንዲሁ። ዓመቱ ሲጀመር እዚያ መንደር ውስጥ የቤት እድሳት ወይም የቦይ ጥገና ታቅዶ ከነበረ «ሥራው የት ተሠራ? ገንዘቡስ ወዴት ዞረ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የፈረሰ መንደር ውስጥ የተጠገነ ቦይ ሪፖርት ላይ ካገኛችሁ ቀይ እስክሪብቶ አውጡ።

ደረጃ 2፦ ሂሳቡ ተዘግቷል ወይ?

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያበቃል። መዝገቡ ግን ሰኔ 30 ማታ አይዘጋም። እስከ ሰኔ 30 ዕቃው ገብቶ ወይም አገልግሎቱ ተሰጥቶ ክፍያው ያልደረሰ ካለ «የችሮታ ጊዜ ተከፋይ» ተብሎ ይያዝና ሐምሌ ውስጥ ይከፈላል። ስለዚህ በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት የሚቀርብላችሁ ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ ጊዜያዊ ነው። ችግር የለውም። ግን መጀመሪያ ጠይቁ፦ «ይህ የተዘጋ ሂሳብ ነው ወይስ ጊዜያዊ?» መልሱን በቃለ ጉባኤ አስይዙ። ኋላ ቁጥሩ ሲለወጥ «ያኔ እኮ ተብሏል» ከሚል ጭቅጭቅ ትድናላችሁ።

በነገራችን ላይ ጳጉሜ የምትገኘው በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ውስጥ ነው። ለጳጉሜ ደመወዝ አይከፈልም፤ መኪናው ግን ነዳጅ ይጠጣል። ሩብ ዓመቶችን ስታነጻጽሩ አትርሷት።

ደረጃ 3፦ ወረቀቶቹን ቀድማችሁ ሰብስቡ

ጉባኤው ቅዳሜ ከሆነ ወረቀቱ ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት እጃችሁ መግባት አለበት። በአፈ ጉባኤው በኩል በደብዳቤ ጠይቁ። የቃል ጥያቄ የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀራል።

የምትፈልጉት ብዙ አይደለም። ምክር ቤቱ ራሱ ዓመቱ ሲጀመር ያጸደቀው በጀት፣ በዓመቱ ውስጥ የተጻፉ የበጀት ዝውውር ደብዳቤዎች፣ በሂሳብ መደብ (እያንዳንዱ የወጪ ዓይነት በሚያዝበት መለያ ቁጥር) የተዘረዘረ የወጪ ሪፖርት ከነ ወርሃዊ ዝርዝሩ፣ የተሰብሳቢና ተከፋይ ሂሳብ ዝርዝር፣ የባንክ ማስታረቂያ (የወረዳው መዝገብና የባንኩ ሂሳብ የሚመሳከሩበት ወረቀት)፣ የሰኔ መጨረሻ የካዝናና የንብረት ቆጠራ ቃለ ጉባኤ፣ የውስጥ ኦዲት ሪፖርት። ሂሳቡ በኮምፒውተር ስለሚሠራ አብዛኛው በአንድ ጠዋት ታትሞ ሊወጣ ይችላል። «ሲስተም የለም» የሚል መልስ ከመጣ ሲስተሙ የሚመለስበትን ቀን ጠይቃችሁ በዚያ ቀን ተመለሱ።

ተመራጭ ያልሆናችሁ ነዋሪዎች መጀመሪያ የወረዳውን ማስታወቂያ ሰሌዳ እዩ። ጸሐይ የበላው ቢሆንም የበጀት መረጃ የሚለጠፍበት ወረዳ አለ። ካልተለጠፈ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መረጃ በጽሑፍ መጠየቅ ትችላላችሁ። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ አዋጁ ያዛል።

ደረጃ 4፦ የራሳችሁን ሠንጠረዥ ሥሩ

የቀረበላችሁን ሠንጠረዥ አትመኑት ማለቴ አይደለም። ግን በእጅ ካልጻፋችሁት ዓይናችሁ ያልፈዋል። አንድ ባለ መስመር ወረቀት አምጡና ስድስት ዓምድ አስምሩ፦ መደብ፣ የጸደቀ በጀት፣ ዝውውር፣ የተስተካከለ በጀት፣ ወጪ፣ ቀሪ።

በምሳሌ እናስኬደው። ቁጥሮቹን ለማሳያ የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ የየትኛውም ወረዳ አይደሉም።

6111፣ የቋሚ ሠራተኞች ደመወዝ፦ የጸደቀ 12,000,000 ብር። 900,000 ብር ተቀንሶበታል። የተስተካከለው 11,100,000። ወጪ 10,990,000።

6212፣ አላቂ የቢሮ ዕቃ፦ የጸደቀ 400,000። 250,000 ተጨምሮለታል። የተስተካከለው 650,000። ወጪ 637,000።

6217፣ ነዳጅና ቅባት፦ የጸደቀ 300,000። 150,000 ተጨምሮለታል። የተስተካከለው 450,000። ወጪ 450,000።

6244፣ የሕንጻና የቁሳቁስ ጥገና፦ የጸደቀ 200,000። 500,000 ተጨምሮለታል። የተስተካከለው 700,000። ወጪ 690,000።

ደምሩት። የጸደቀው 12,900,000፣ የተስተካከለውም 12,900,000፣ ወጪው 12,767,000 ብር ነው። ስታካፍሉት 99 በመቶ ይመጣል። ያ ያጨበጨብንለት ቁጥር ማለት ነው።

አሁን የሽማግሌውን ጥያቄ ጠይቁ። 99 በመቶ ከምኑ? ከተስተካከለው በጀት። ምክር ቤቱ እጅ አውጥቶ ካጸደቀው ጋር ብታስተያዩትስ? የቢሮ ዕቃ 159 በመቶ። ነዳጅ 150 በመቶ። ጥገና 345 በመቶ። ደመወዝ 92 በመቶ ገደማ። ያው ወረዳ፣ ያው ዓመት፣ ያው ገንዘብ። የተስተካከለ በጀት ማለት ወጪው ወደሄደበት የተከተለ በጀት ነው። ልብሱን በሰውነቱ ልክ ሰፍተን «ልክክ አለ» ብንል ምን ይደንቃል?

ዝውውር ወንጀል አይደለም። ሕጉ ይፈቅደዋል። ዓመት ሙሉ ምንም የማይነካ በጀት ቢኖር እኔ ራሴ እጠራጠረዋለሁ። የምትጠይቁት ሦስት ነገር ነው። ማን ፈቀደ? መቼ? ከየት ወደ የት? ደብዳቤው ከግዢው በኋላ የተጻፈ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። አቅጣጫውንም እዩ። በፌዴራሉ የፋይናንስ አስተዳደር ሕግ የካፒታል በጀት ወደ መደበኛ አይዛወርም። ለግንባታ የተያዘ ገንዘብ ለአበልና ለመስተንግዶ ዞሮ ካገኛችሁት፣ የተፈቀደበትን ድንጋጌ በጽሑፍ ጠይቁ።

ደረጃ 5፦ ከልዩነቱ ጀርባ ያለውን ምክንያት ፈልጉ

ልዩነት ሁሉ ጥፋት አይደለም። አንዳንዱ የዋጋ ነው፣ አንዳንዱ የእቅድ፣ አንዳንዱ የሌላ።

ደመወዝ ተርፎ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያልተሞላ የሥራ መደብ አለ ማለት ነው። ገንዘቡ ተርፏል ብላችሁ አትደሰቱ። ሰልፍ ላይ ቆሞ የዋለው ነዋሪ ያንን ትርፍ ጊዜውን እየሰጠ ከፍሎታል። መታወቂያ ለማደስ ሦስቴ የተመላለሰ ሰው ካለ፣ ባዶው ወንበር የማን እንደነበር ጠይቁ። በተቃራኒው ደመወዝ ከጸደቀው በልጦ ከተገኘ፣ ዓመቱ ከተጀመረ በኋላ የመጣ ጭማሪ ሊሆን ይችላል። በ2017ም በ2018ም እንዲህ ያለ ጭማሪ ነበር። ይህ በአንድ ደብዳቤ የሚመለስ ጥያቄ ነው፤ ብዙ አትቆዩበት።

ነዳጅ ላይ ብሩን ትታችሁ ሊትሩን ጠይቁ። ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ዋጋው በየጊዜው ወጥቷል። ወጪው በግማሽ አድጎ ሊትሩ ያው ከሆነ፣ ጥፋቱ የገበያው ነው። ሊትሩም ካደገ የመኪናውን የጉዞ መዝገብ አስመጡ። የመሀል ከተማ ወረዳ እኮ ከዳር እስከ ዳር በእግር የሚያልቅ ነው። በወር ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ወረዳው ውስጥ ብቻ ሊዞር አይችልም።

ለቢሮ ዕቃም እንዲሁ። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ቶነርና ሌላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ መወደዱን ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ ብዛቱን ጠይቁ። ስንት ደስጣ ወረቀት? ስንት ቶነር? ስንት አታሚ ማሽን አለ? ቶነሩ ካሉት አታሚዎች ለአንዱም የማይሆን፣ የሌላ ሞዴል ሆኖ ካገኛችሁት፣ ሳቃችሁን ዋጥ አድርጋችሁ መዝግቡት።

ደረጃ 6፦ ሰኔን ለብቻ አውጡ

«ሰኔና ሰኞ» የሚባለው ለበጀት የተነገረ ይመስለኛል። ሌሎች ወሮችን በሙሉ ብትዘሉ ይህን ወር አትዝለሉ።

ወርሃዊ ዝርዝሩን ዘርጉ። ወጪ በእኩል ቢከፋፈል ለአንድ ወር የሚደርሰው 8 በመቶ ገደማ ነው። ማንም እኩል አያወጣም፣ ግን መለኪያ ይሆናችኋል። በምሳሌያችን ከ637,000 ብር የቢሮ ዕቃ ውስጥ 410,000ው በሰኔ ወጥቷል እንበል። 64 በመቶ! አሥራ አንድ ወር ሙሉ ወረቀት የለም ሲባል የከረመ ቢሮ ሰኔ ላይ ምን ታየው?

ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ያልተጠቀሙበት ገንዘብ ተመላሽ ይደረጋል። የሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲጠየቅም «ባለፈው የሰጠናችሁን መቼ ጨረሳችሁ?» ይባላል። ስለዚህ ሁሉም ይሯሯጣል። የሚሯሯጡት ሰዎች የግድ ሌቦች አይደሉም። ሥርዓቱ ቆጣቢን ይቀጣል። የእናንተ ሥራ ግን በሩጫው ውስጥ ምን እንደወደቀ ማየት ነው።

የሰኔ ግዢዎችን ዝርዝር ውሰዱና ሦስት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ ፕሮፎርማዎቹን፣ ማለትም ሻጮች ያስገቧቸውን የዋጋ ማቅረቢያዎች። ሦስቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት የአጻጻፍ ስህተት ከመጡ አንድ እጅ ጽፏቸዋል። ሁለተኛ፣ የተቆራረሰ ግዢ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአንድ ሻጭ አራት ጊዜ ወንበር ከተገዛ፣ ጨረታ ላለማውጣት የተከፋፈለ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ሞዴል 19 የተቆረጠበት ቀን። ሞዴል 19 ማለት ዕቃው ንብረት ክፍል ገብቷል የሚል ምስክር ነው። ሰኔ 28፣ 29 እና 30 ላይ የተቆረጡትን ለብቻ ጻፏቸው። ለደረጃ 8 ትፈልጓቸዋላችሁ።

ደረጃ 7፦ ያልተወራረደው የት አለ?

የወጪ ሪፖርት ላይ የማይታይ ገንዘብ አለ። ለሠራተኛ የተሰጠ ቅድመ ክፍያ፣ ለአቅራቢ በቅድሚያ የተከፈለ፣ ለሌላ መሥሪያ ቤት የተሰጠ። እነዚህ እስኪወራረዱ ድረስ «ተሰብሳቢ» ተብለው ይቀመጣሉ። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ደረሰኙ ሳይመጣ ወጪ ተብለው ይመዘገባሉ። ያኔ መቶኛው ያምራል፣ ሥራው ግን የለም።

ዝርዝሩን ስታገኙ ድምሩን ሳይሆን ዕድሜውን እዩ። ከአንድ ወር በታች የሆነውን እለፉት። ስድስት ወር የሞላውን ማን እንደወሰደው ጠይቁ። ከዓመት በላይ የሆነው ላይ ወሳጁ ተዛውሮ ወይም ለቆ ሊሆን ይችላል። በስሙ ያልተወራረደ ሂሳብ ያለበት ሰው ክሊራንስ እንዴት አገኘ? ይህን አንዴ ጠይቄ አዳራሹ ጸጥ ብሏል።

ተከፋዩንም አትርሱ። የውሃ፣ የመብራትና የስልክ ውዝፍ ካለ የዘንድሮው «ቁጠባ» የከርሞ ዕዳ ነው። የባንክ ማስታረቂያው ላይ ደግሞ ወር አልፎት ያልተመነዘረ ቼክ ካለ ለምን እንደዘገየ ይነገራችሁ። ቼኩ ሰኔ ላይ ተጽፎ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 8፦ ተነስታችሁ ሂዱ

ወረቀት ላይ ብቻ ብትቀሩ ወረቀት ታጸድቃላችሁ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ግማሽ ቀን መድቡ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አብሯችሁ ይሁን። ፖሊስ እንደሆናችሁ አትግቡ፤ ሰላም ብላችሁ፣ ቡና ካለ ጠጡ።

ከደረጃ 6 የያዛችሁትን ዝርዝር አውጡና ቁጠሩ። ቢን ካርዱን (የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ካርድ)፣ ሞዴል 22ቱን (ዕቃ ከንብረት ክፍል ሲወጣ የሚቆረጠውን) እና መደርደሪያውን አስተያዩ። አንድ ዓመት ሞዴል 19 ላይ 60 ወንበር ገብቷል ይላል፤ እኛ ሐምሌ አጋማሽ ሄደን 22 ቆጠርን። «ቀሪው በመምጣት ላይ ነው» ተባልን። እውነታቸውን ነበር፣ ነሐሴ ላይ መጣ። ግን ሰኔ 29 ያልነበረ ወንበር ገብቷል ተብሎ ተፈርሟል፤ ገንዘቡም ወጥቷል። ሻጩ ሱቁን ዘግቶ ቢጠፋስ? ያንን የፈረመችው ልጅ ናት የምትጠየቀው። እሷም ታውቀዋለች፤ «ፈርሚ» ተብላ ነው።

ጥገናም በዓይን ይታያል። 690,000 ብር የወጣበት ጣሪያ ክረምት ነውና ራሱ ይመሰክራል። ዝናብ ሲጥል ሂዱ። የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ከሆነ ግቡና ውሃ መኖሩን እዩ። ቦይ ከሆነ የሰፈሩን እናቶች ጠይቁ። ከየትኛውም መሐንዲስ በፊት ጎርፉ በየት እንደሚገባ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ደረጃ 9፦ ከበጀት ውጭ የተሰበሰበው

ይህን ሪፖርቱ ውስጥ «የሕብረተሰብ ተሳትፎ» በሚል አንድ አንቀጽ ታገኙታላችሁ። ለክረምት የቤት እድሳት፣ ለማዕድ ማጋራት፣ ለኮብልስቶን የተዋጣ። ገንዘብ ከሆነ ሞዴል 64፣ ማለትም የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ፣ ተቆርጦለታል ወይ? ዘይትና ዱቄት፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ከሆነስ በሞዴል 19 ገብቶ በሞዴል 22 ወጥቷል ወይ? የተቀባዮች ስም ከነፊርማቸው አለ ወይ? ብዙ ጊዜ ሥራው በደንብ ተሠርቶ ወረቀቱ የለም። ወረቀት ከሌለ ጥሩ የሠራው ሰው ራሱን መከላከያ ያጣል። ጤና ጣቢያ ካላችሁ የውስጥ ገቢውም በዚሁ ዓይን ይታይ። ከካርድና ከመድኃኒት የሚሰበስበውን ለራሱ ማሻሻያ እንዲጠቀም ተፈቅዶለታል፤ ግን በጸደቀ እቅድ ነው።

ደረጃ 10፦ አዳራሹ ውስጥ

ሁሉን አትጠይቁ። ሰዓቱ አይበቃም፤ አሥራ አምስት ጥያቄ በአንዴ ከቀረበ መላሹ የሚቀለውን መርጦ ይመልሳል። ሦስት ምረጡ። ለሦስት ሰው አከፋፍሉት። እያንዳንዱ ጥያቄ መደብ፣ ብርና ቀን ይኑረው። «ሙስና አለ ይባላል» አትበሉ። «ከመደብ 6111 ወደ 6244 የዞረው 500,000 ብር በየትኛው ደብዳቤ፣ በየትኛው ቀን ተፈቀደ?» በሉ። የመጀመሪያውን ዋና ሥራ አስፈጻሚው በንግግር ሊያልፈው ይችላል። ሁለተኛውን ግን በወረቀት ነው የሚመልሰው።

ሰው አታሳፍሩ። የፋይናንስ ኃላፊዋን በስብሰባው ዋዜማ አግኝታችሁ ጥያቄውን ብትነግሯት ያሰባችሁትን ያህል አትጎዱም። ማስረጃ ይዛ ትመጣለች። እኔ ይህን የተማርኩት አንዷን በሰው ፊት አስለቅሼ ነው። መልሱ ደግሞ መሳቢያዋ ውስጥ ነበር።

መልስ ያላገኘ ጥያቄ «በቀጣይ ይታያል» ተብሎ እንዳይዘጋ። ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ የሚል ውሳኔ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር፤ ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊትም አንብቡት። ከመስቀል በኋላ ቋሚ ኮሚቴው ይሰብሰብና ቀኑ የደረሰውን ይጠይቅ።

ሠንጠረዣችሁን አትጣሉት። የአዲሱ ዓመት በጀት ለማጽደቅ ሲመጣ ከጎኑ ዘርጉት። 450,000 ብር የፈጀው ነዳጅ ዘንድሮም 300,000 ተብሎ ከቀረበ፣ እጅ ከማውጣታችሁ በፊት የምትጠይቁት አገኛችሁ።